ጥሩር የለበሰውን ዓሣ ፍለጋ፦ ከሮም እስከ ማዛራ

ይህን ዓሣ መጀመሪያ ያየሁት ቤይሩት ነው። ያኔ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከማዳም ጋር ዓሣ ገበያ እንወርዳለን። አንድ ቀን ከሳጥኖቹ ሥር፣ የቀለጠ በረዶ መሀል፣ የተጣለ ቀይ ነገር አየሁ። አጎንብሼ አነሳሁት። እንጨት የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ድርቅ ያለ ነው። ጎኑ እሾህ በእሾህ ነው። አፍንጫው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ፊት ወጥቷል። ሻጩን "ምን ይባላል?" አልኩት። "ምንም አይደለም፣ ጣይው" አለኝ። ማዳምም ቸኩላ ስለነበር ጣልኩት።

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በእኛ ቤት ዓሣ ሁሉ ስም አለው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ስሙን ሳልጠይቅ የጣልኩት ዓሣ እሱ ብቻ ነው። ለዓመታት ከነከነኝ። አገሬ ተመልሼ ስለ ዓሣ ሀብት ተማርኩ፣ አሁንም ያንኑ አስተምራለሁ። ስሙንም አገኘሁት፦ ፔሪስቴዲዮን ካታፍራክቱም። ግን መጽሐፍ ላይ ማየትና በእጅ መያዝ ለየቅል ነው። ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ ሮም ስትጠራኝ፣ ካለኝ ሁለት ሳምንት አንዱን ለዚህ ዓሣ ሰጠሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፦ ሮም

የአክስቴ ልጅ እረፍት ስለነበረች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ምሳ ጋበዘችኝ። እዚያ ሰፈር የእኛና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። በየዓይነቱ 13 ዩሮ። እንጀራው ሳሳ ያለ ነው፣ ሽሮው ግን የቤት ሽሮ ነው።

ከምሳ በኋላ በእግራችን ቺርኮ ማሲሞ ወደሚባለው የጥንት የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ወረድን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ሕንፃው መጀመሪያ የተጀመረው ለኢጣሊያ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ላይ ደግሞ የአክሱም ሐውልታችን እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 ድረስ ቆሞ ነበር። አሁን አገሩ ገብቷል። ቦታው ላይ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ባዶ ሰማይ ነው። የአክስቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ፣ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

እኔን እዚያ የወሰደኝ ሌላም ምክንያት አለ። ዓሣ አጥማጆችና ተመራማሪዎች ዓሣ ከዓሣ የሚለዩባቸውን መጻሕፍት፣ ባሕር በባሕር ለይቶ የሚያሳትመው ይኸው ድርጅት ነው። ሐዋሳ ሆኜ ስለ ዓሣዬ ያጠናሁት ከእነሱ ነው። ገጾቹን አትሜ በፕላስቲክ ይዣቸው መጥቻለሁ።

ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘረጋን። የአክስቴ ልጅ ሴት ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀይ እርሳስ ይዛ መጣች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትቀባለች። ከእንግሊዝ ቻናል ጀምሪ አልኳት። በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋል ዳርቻ ውረጂ። በሞሮኮ እለፊ። የምዕራብ አፍሪካን ዳር ይዘሽ እስከ አንጎላ። አሁን ተመለሽና በጂብራልታር ግቢ፣ ሜዲትራኒያንን በሙሉ ቀቢ። እጇ ጥቁር ባሕር ላይ ሲደርስ አስቆምኳት። እዚያ የለም። ነጭ ሆኖ ቀረ።

"በእኛ አገርስ?" አለች። ባሕር እንደሌለን ታውቃለች፣ ግን ጠየቀች። የዚህ ዓሣ ቤተሰብ ከ40 በላይ ዝርያ አለው፣ ሁሉም የባሕር ወለል ላይ፣ አብዛኞቹም በሞቃት ባሕር የሚኖሩ ናቸው፤ በአትላንቲክም፣ በህንድ ውቅያኖስም፣ በፓሲፊክም አሉ። ሜዲትራኒያን ውስጥ ያለው ይኼ አንዱ ብቻ ነው። ከዘመዶቹ አንዱ ግን ሳቲሪክቲስ አደኒ ተብሎ ይጠራ ነበር፣ ስሙ የኤደን ነው አልኳት። ጣቷን ከጅቡቲ አልፋ ኤደን ላይ አሳረፈች። "ቅርብ ነው" አለች።

ስሙን ደግሞ እንዲህ ነገርኳት። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሲሰይመው ካታፍራክታ አለው። ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፣ ከራስ እስከ እግር ጥሩር፣ የብረት ልብስ፣ የለበሰ ማለት ነው። ጥንት ፈረሱም ፈረሰኛውም ብረት ለብሰው የሚዋጉ ጦረኞች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥም ካታፍራክቱስ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። እሱም ጥሩር ለባሽ ነው። ግን ሌላ ቤተሰብ ነው፣ አፍንጫውም እንደ መንሽ ሹካ አይሠራም። ስም ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ጥቅምት 6፦ ባሕር የሚሻገር ባቡር

ከሮም ወደ ሲሲሊ የሚሄደው የሌሊት ባቡር መጨረሻው ላይ መርከብ ውስጥ ይገባል። በእውነት። ድልድይ ስለሌለ ፉርጎዎቹ ይቆራረጡና በሐዲድ ላይ እየተገፉ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይደረደራሉ። አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ 62 ዩሮ ከፈልኩ። ከእኔ ጋር የነበሩት አንዲት እናት የበሰለ እንቁላልና ዳቦ ዘርግተው "ብዪ" ብለው ግድ አሉኝ። እንቢ ማለት እንደማይቻል ፊታቸው ይናገራል። ሐዋሳም እናቶች እንዲሁ ናቸው።

ንጋት ላይ ግን ባቡሩ ወደቡ ጋ ደርሶ ቆመ። ሲሮኮ የሚሉት ከአፍሪካ በኩል የሚነሳ ንፋስ ባሕሩን አናውጦታል። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅን። መብራት ጠፋ፣ ሽንት ቤቱም ተዘጋ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ሲሲሊን ከዋናው ኢጣሊያ የሚለየውን ጠባብ ባሕር፣ የመሲናን መተላለፊያ አየሁ። ለዓሣ ሰው ይህ ቦታ ዝም ብሎ መንገድ አይደለም። ጅረቱ እዚህ ከጥልቁ ወደ ላይ ይገለብጣል። ከብርሃን በታች የሚኖሩ ዓሣዎች አንዳንዴ ተገፍተው ወጥተው አሸዋው ላይ ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን እየሄዱ የሚለቅሙበት ጊዜ ነበር። ሌላ አገር መርከብና መረብ የሚጠይቀው እዚህ ባዶ እግር ብቻ ይበቃዋል።

በመጨረሻ መርከቡ ተነሳ። ከባቡሩ ወጥተን ደረጃውን ወደ ላይ ወጣን። እዚያ የሚሸጥ የሩዝ ድቡልቡል ጥብስ አለ፣ ውስጡ ሥጋና አተር። በዚህ በኩል አራንቺኖ ይሉታል፣ ፓሌርሞ ስትደርስ አራንቺና ይሆናል፣ ሰዎቹም በዚህ ክርክር ቀልድ አያውቁም። ረቡዕ ነጋ፣ ጾም ነው። አንድ ቡና በ1 ዩሮ ከ30 ጠጥቼ ሽታውን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7፦ ፓሌርሞ

ከሰዓት በኋላ ነው የደረስኩት። ረሃቡ በርትቶብኝ ነበር። ባላሮ ገበያ መግቢያ ላይ አንድ ልጅ ትልቅ መጥበሻ ይዞ ቢጫ ቂጣ ይጠብሳል። ፓኔሌ ይባላል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ የሽምብራ ዱቄት በውሃ አገንፍተው፣ አቀዝቅዘው፣ ቆርጠው የሚጠብሱት ነው አለኝ። ሽሮ ነው! በርበሬ የሌለው ሽሮ፣ ዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። 3 ዩሮ። የጾም ምግብ በባዕድ አገር እንዲህ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ሁለት በላሁ።

ባላሮ የሐዋሳን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አስታወሰኝ። ጩኸቱ፣ ውሃው፣ ከእግርህ ሥር የሚሽሎከለኩት ድመቶች። እኛ ጋ ድመቷን አባኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይተካታል። እዚህ ግን ሻጩ ዓሣውን በመልኩ ነው የሚደረድረው። ጭንቅላቱ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ገዢው።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ዓሣ አየሁና ልቤ ዘለለ። ቀረብ ስል የተፈለገው አይደለም። ዘመዱ ነው። ጋሊኔላ ይሉታል፣ ትንሿ ዶሮ ማለት ነው። ግን ማየቱ ጠቀመኝ። ሻጩን አስፈቅጄ ከደረቱ ክንፍ ሥር ያሉትን ጣት የመሰሉ ነገሮች ቆጠርኩ። ዓሣው ወለል ላይ የሚራመደውና ምግቡን የሚዳስሰው በእነሱ ነው። በአንድ ጎን ሦስት። በሌላውም ሦስት። አፍንጫው ላይ መንሽ የለም። አገጩ ላይ ጢም የለም። ሰውነቱም ቢጫኑት ይገባል፣ የብረት ልብስ የለበሰ አይደለም። የእኔ ዓሣ በየጎኑ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ሦስትና ሁለት፣ ይህን ያወቀ ሰው ሁለቱን ቤተሰቦች ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ መለየት ይችላል።

"ፔሼ ፎርካ አለ?" አልኩት ሻጩን። የመንሽ ዓሣ እንደማለት ነው፤ ጣሊያኖች የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ሰውየው ሁለት ጣቱን አፍንጫው ፊት አድርጎ ወደ እኔ ቀሰረና ሳቀ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ወደ ምዕራብ አመለከተ። "ማዛራ" አለ፣ በሲሲሊ ምዕራብ ያለችውን የዓሣ አጥማጆች ወደብ። "የሽሪምፕ ጀልባዎቹ ጋ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8፦ ማዛራ ዴል ቫሎ

አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ 11 ዩሮ። መንገዱ ወይራና ወይን ነው።

ማዛራ ላይ ያረፍኩት አንዲት ሽማግሌ እናት ቤት ነው፣ በቀን 35 ዩሮ ከነቁርሱ። ባለቤታቸው መርከበኛ ነበሩ፣ አርፈዋል። እኔ ጣሊያንኛዬ ጥቂት ነው፣ እሳቸውም የሲሲሊ አነጋገር ነው የሚናገሩት። በእጅና በስልክ ትርጉም ተግባባን። ገና ወጥ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን፣ በክር የተንጠለጠለ ነገር አየሁ። የገለባ መልክ ያለው፣ የደረቀ፣ አፍንጫው መንሽ። ቆሜ ቀረሁ።

አዩኝና ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱልኝ። ባለቤታቸው ካመጧቸው አንዱ ነው። ጥሩሩ አጥንት ስለሆነ ጨው ነስንሰው ፀሐይ ላይ ሲያደርቁት ቅርጹን አይለቅም። ግን ቀለሙ ጠፍቷል፣ ጢሙም ተሰባብሯል። ለዚህ ነው የደረቀ ዓሣ አይቶ ቀዩን መጠበቅ የማያዋጣው። ቀለም ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። አጥንት ይቀራል።

ወደብ ወረድኩ። ንፋሱ አልበረደም። ጀልባዎቹ የማዛሮ ወንዝ አፍ ላይ ጎን ለጎን ታስረው ገመዳቸው ይንቋቋል። የሚወጣ የለም፣ የሚገባም የለም። ቀኑ እንዲሁ ሊሄድ ሆነ።

ስለዚህ ካስባህ የሚሉትን አሮጌ ሰፈር ዞርኩ። ጠባብ ጠባብ መንገዶች ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ቀለም የተቀባ ሸክላ ተለጥፏል። አረብኛ ይሰማል። ከቱኒዚያ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ከነቤተሰባቸው እዚህ መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የቤይሩት አረብኛዬን አወጣሁት። አነጋገራቸው ይለያል፣ ግን ይገባናል። ስድስት ዓመት ወለል እየወለወልኩ የተማርኩት ቋንቋ እዚህ ሰው አደረገኝ።

ከዚያ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወዳለው ሙዚየም ገባሁ። ውስጡ አንድ ትልቅ የነሐስ ሐውልት አለ፣ የሚጨፍር ሳቲር። በግሪኮች ተረት ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆነ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ እግሩ፣ በ1998 ደግሞ አካሉ፣ በማዛራ ጀልባ መረብ ተጠልፎ ወጣ። ከ480 ሜትር ጥልቀት። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይሽከረከራል። ዓይኑ ነጭ ድንጋይ ነው፣ በሕይወት ያለ ይመስላል። ክንዶቹ ባሕር ውስጥ ቀርተዋል።

ብዙ ሰው ውበቱን ነው የሚያየው። እኔ ስለ ጥልቀቱ ማሰብ አላቆምኩም። 480 ሜትር። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቀቱ 20 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቅ የሆነው ሻላ 266 ሜትር ነው። የእኔ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ50 እስከ 500 ሜትር ባለው ነው፣ ከ800 ሜትር በታችም ተይዞ ያውቃል። 400 ሜትር ላይ ያለው ግፊት እኛ እዚህ ከምንሸከመው አየር 40 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ነሐስ ጭቃው ላይ ለብዙ ዘመን ሲተኛ፣ እነዚህ ዓሣዎች በመንሻቸው ዙሪያውን ሲቆፍሩ ኖረው ይሆናል። ዘመዳቸው ሳቲሪክቲስም ትርጉሙ የሳቲር ዓሣ ነው። ጠባቂው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስ ተቀምጬ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9፦ ወደቡ

ሌሊት ንፋሱ ቆመ። ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። የቤቱ እናት ከእኔ ቀድመው ተነስተው ቡና አፍልተዋል። የባለቤታቸውን ወፍራም ጓንት ሰጡኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ።

የማዛራ ትልልቅ ጀልባዎች ሳምንታት ባሕር ላይ ከርመው ቀዩን ሽሪምፕ እዚያው አቀዝቅዘው ነው የሚመለሱት። ያ ሽሪምፕ ከ400 እስከ 700 ሜትር ነው የሚወጣው፣ ትልልቁ በኪሎ 50 ዩሮ ሲሸጥ አይቻለሁ። እኔ የምጠብቀው ግን ትንንሾቹን ነው፣ በአንድና ሁለት ቀን የሚመለሱትን። አንዱ ገባ። ሳጥኖቹን ማውረድ ጀመሩ። ሽሪምፕ፣ ነጭ ዓሣ፣ ኦክቶፐስ። ሠራተኞቹ ላይ እንቅፋት እንዳልሆን ዳር ቆምኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው የተቀላቀለ ነገር ያለበት ባልዲ ይዘው ወረዱ። በአረብኛ ሰላም አልኳቸው። "ያ ዓሚ፣ ፔሼ ፎርካ አለዎት?" ቆም አሉ። "ከየት ነሽ አንቺ?" ከሐበሻ አልኳቸው። እሳቸው የቱኒዚያዋ ማህዲያ ሰው ናቸው፣ 30 ዓመት ሆኗቸዋል እዚህ። "ያን ምን ልታደርጊው፣ ያ ቢንቲ? ሥጋ የለውም እኮ።" ላየው ነው አልኩ። ከኢትዮጵያ የመጣሁት እሱን ለማየት ነው አልኩ። ፊቴን አዩና ባልዲውን መሬት ላይ ገለበጡት።

ሁለት ነበሩ።

ሮጬ አነሳሁ፣ ጓንቱን ረስቼ። አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ደሙ ሲወርድ ሰውየው መሀረባቸውን አውጥተው አሰሩልኝ። "ወደ ኋላ አትዳብሺው፣ ሁሌም ከራስ ወደ ጅራት" አሉኝ። እሳቸው በእጃቸው ያወቁትን እኔ ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በየሳህኑ ላይ ያለው እሾህ ወደ ጅራቱ የጎበጠ ነው።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ማስመሪያዬንና ማጉያዬን አወጣሁ። ትልቁ 23 ሴንቲ ሜትር። ይህ ዝርያ እስከ 40 ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን 20 አካባቢ ያለው ነው። ጀርባው ቀይ ነው፣ የበሰለ ቲማቲም ውሃ ሲነካው የሚመስለው ቀይ። ወደ ሆዱ እየገረጣ ይሄድና ሮዝ፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ቅርፊት የለውም። በቅርፊት ፋንታ አጥንት ሳህን ነው፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ እየተደረበ ከራስ ቅሉ እስከ ጅራቱ ይወርዳል። መስመሮቹን ቆጠርኩ። በአንድ ጎን አራት። ገለበጥኩት፣ አራት። ወደ ጅራቱ ሲቀጥን ስምንት ማዕዘን ያለው እርሳስ ይመስላል። ቢያጎብጡት ብዙም አይጎብጥም።

ጭንቅላቱ ሰፊና ደረቅ ነው። ከአፍንጫው ሁለት ጠፍጣፋ ዘንጎች ወደ ፊት ወጥተዋል፣ ልክ እንደ አውድማ መንሽ። መሀላቸው ትንሹ ጣቴ ይገባል። አፉ ፊት ለፊት አይደለም፣ ከሥር ነው፣ ወደ ጭቃው የዞረ። ጣቴን አስገባሁ። ጥርስ የለም። ልስልስ ያለ ነው።

አገጩን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ያኔ ያየሁትን አልረሳውም። ከውሃ ውጭ የተጣበቀ ቆዳ የመሰለው ነገር ተፈታና ጢም ሆነ። ትንንሾቹ ብዙ ናቸው። በየጎኑ ደግሞ አንድ ረጅም አለ፣ እሱም ራሱ ቅርንጫፍ አለው፣ እንደ ላባ። የአምባዛ ጢም አንድ ወጥ ነው፣ እንዲህ አይበታተንም። ብርሃን በሌለበት ጭቃ ላይ ትንንሽ ሽሪምፖችንና መሰሎቻቸውን የሚያገኘው በዚህ ነው። ይዳስሳል፣ ይቀምሳል፣ ይበላል። ከደረቱ ክንፍ ሥር ጣቶቹን ፈለግሁ። ሁለት። በዚያኛውም ሁለት።

ሁለተኛው ዓሣ አነስ ይላል። ግን በፊተኛው የጀርባ ክንፉ ላይ ያሉት ዘንጎች እንደ ክር ረዝመው ይወዛወዛሉ። የትልቁ አጫጭር ነው። ክር ያለው ወንዱ ነው።

ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። ማጉያውን ሰጠኋቸው። ጢሙን አዩበት። ደግመው አዩ። "30 ዓመት ለድመት ስንጥለው" አሉ ቀስ ብለው። ከ350 ሜትር አካባቢ እንደወጡ ነገሩኝ። ሽሪምፕ ፍለጋ የወረደ መረብ ወለሉን ሲጠርግ አብሮ ያመጣቸዋል። ይህ ነገር ያሳስበኛል። ሜዲትራኒያን ውስጥ ከ1000 ሜትር በታች ወለል የሚጠርግ መረብ መጎተት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተከልክሏል፣ መልካም ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ይጠረጋል። ስሙ ያልታወቀ ዓሣ ደግሞ ሲያልቅም አይታወቅም። ለተማሪዎቼ ዓሣ መለየት ላይ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው።

ዓሣዎቹን ነፃ ሰጡኝ። ገንዘብ ባወጣ ተቆጡ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10፦ ወጥ ቤት

ትናንት ዓርብ ስለነበር የቤቱ እናት ትልቁን በረዶ ቤት አቆይተውልኛል። ጾም እንደሆነ ስነግራቸው አልገረማቸውም። እሳቸውም በልጅነታቸው ዓርብ ሥጋ አይበሉም ነበር። ዓሣ ግን ይበላ ነበር አሉኝ። የእኛ ቤት ሕግ ጥብቅ ነው፣ አባቴ አጥማጅ ሆኖ ሳለ ዓርብ ዓሣ ቤታችን አይገባም ነበር።

ዓሣውን ሆዱ በኩል በመቀስ ከፈቱት። ጨጓራውን ለእኔ አቀበሉኝ። ውስጡ የተፈጨ ቀጭን ልጣጭ ነበር፣ እንደ ጥፍር የሚያስተላልፍ። የትንንሽ ሽሪምፖች ልብስ። ጥሩሩን አላወለቁትም። እንዳለ ድስት ውስጥ ገባ፣ በድንጋይ መሀል ከሚኖሩ ሌሎች ዓሣዎች ጋር። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የተወቀጠ አልሞንድ የሚሉት ለውዝ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ መዓዛ ያለው ቅጠል፣ ትንሽ ቀረፋ። ይህ የኩስኩሱ መረቅ ነው፣ ጊዮታ ይሉታል። ኩስኩሱን ራሳቸው በእጃቸው በትልቅ ሸክላ ውስጥ አሽተው ነው የሠሩት። እጃቸው ሲዞር እናቴ ለገንፎ ዱቄት ስትነፋ ታየችኝ።

መረቁ ሲበስል ዓሣውን አወጡልኝና ጥሩሩን በቢላ ጀርባ ሰበሩት። ልክ እንደ እንቁላል ልጣጭ በቁራጭ በቁራጭ ለቀቀ። ሥጋው ጥቂት ነው፣ ሰውየው እውነታቸውን ነው። ግን ነጭ ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ጣፋጭ ነው፣ ወደ ሽሪምፕ ጣዕም የሚያደላ። በተለይ ከራሱ ጀርባ ያለው። ያው የሚበላው ነው ጣዕም የሚሆነው። ባለቤታቸው ይህንን ይወዱ እንደነበር ነገሩኝ። "ጀልባው ላይ የሚፈልገው ስለሌለ ሁሉንም ለቤት ያመጣው ነበር።" ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ትንሹን፣ ክር ያለውን፣ አልበላነውም። ጨው ሞልተነው መስኮቱ ላይ ፀሐይ አገኘ።

እሑድ፣ ጥቅምት 11፦ ወደ ሮም

የቤቱ እናት አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። ዓሣው ገና በደንብ ስላልደረቀ በጋዜጣ፣ ከዚያ በነጠላዬ ጠቅልዬ እጄ ላይ ነው የያዝኩት። ሻንጣ ውስጥ ብከተው ጢሙ ይሰበራል። ባቡር ላይ ሽታው ተነሳ። ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት አፍንጫዋን ስትይዝ ገልጬ አሳየኋት። ቦታ ትቀይራለች ብዬ ስጠብቅ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

ሮም ስደርስ ሌሊት ነበር። የአክስቴ ልጅ ልጅ አልተኛችም። ካርታው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ዓሣውን መሀሉ ላይ አስቀመጥኩት። ማጉያውን ያዘችና አንድ በአንድ ቆጠረች፦ አራት መስመር፣ ሁለት ጣት፣ ሁለት ዘንግ። ከረጃጅሞቹ ጢሞች አንዱ ጫፉ ተቆርጦ ነበር፣ እሱንም አገኘችው። ከዚያ ቀዩን እርሳስ አንስታ ማዛራ ላይ ነጥብ አደረገች።

"የመጀመሪያውን የት ነበር ያየሽው?" አለችኝ።

አሳየኋት። ቤይሩት ላይም አንድ ነጥብ አደረገች።